ፈረሱን ማን ያበላዋል?

ባለፈው ሳምንት የእህቴን ልጅ ፍለጋ እዚህ ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ቤቲንግ ቤት ገባሁ። ግድግዳው ላይ ስክሪን ተደርድሯል። አብዛኛው የአውሮፓ ኳስ ነው። ጥግ ያለው ላይ ግን ፈረሶች ይሮጣሉ። ሜዳው አረንጓዴ ነው፤ ጭቃ የለ፣ አቧራ የለ። አንዱ ውድድር አልቆ ትንሽ ሳይቆይ ሌላው ይጀምራል። ልጁ ትኬቱን እንደያዘ ዞረና «ጋሼ፣ ይሄ የት አገር ነው?» አለኝ።

የትም አገር አይደለም። ቨርቹዋል የሚሉት ነው፤ ኮምፒውተር የሳለው። እነዚያ ፈረሶች አልተወለዱም። ገብስ አይበሉም፣ አይታመሙም፣ አያረጁም። ማን ቀድሞ እንደሚገባ የሚወስነው ማሽኑ የሚያወጣው ዕጣ ነው። ይህን ስነግረው ደነገጠ። «ታዲያ እውነተኛዎቹ የት ሄዱ?» አለ።

እውነተኛዎቹ አሉ። ግን ቤታቸው እየፈረሰ ነው። ሲንጋፖር ውስጥ በ1842 የተመሠረተ የፈረስ ክለብ የመጨረሻ ውድድሩን ኦክቶበር 5 ቀን 2024 አድርጎ በሩን ዘጋ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. ብዬ እለያለሁ።) 120 ሄክታር የሚሆነውን ሜዳ መንግሥት መልሶ ይወስደዋል፤ መኖሪያ ቤት ሊሠራበት። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በኤፕሪል 2024፣ የማካዎ የፈረስ ውድድር ቆመ። ማካዎ በካዚኖ ዓለም የሚያውቃት ከተማ ናት። ቁማር ሞልቶ በተረፈበት ከተማ የፈረስ ውድድር ከስሮ ተዘጋ። ለጆሮ ግራ የሚያጋባ ነገር ነው። ምስጢሩን ለልጁ ቆሜ ላስረዳው ሞከርኩ፤ ጊዜ አልበቃኝም። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

ደሴ ተቀምጦ ስለ ሲንጋፖር ሜዳ መጨነቅ ምን ይባላል የሚል ይኖራል። ፈረስ ለእኛ ባዕድ አይደለም። የደሴው ንጉሥ ሚካኤል በፈረሳቸው ስም አባ ሻንቆ ነበር የሚባሉት። በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የጄኔራል ዳቦርሚዳን ጦር ሸለቆ ውስጥ ያሳደደው የእሳቸው ፈረሰኛ ነው። ዛሬም ከአይጠየፍ አዳራሽ ወረድ ብለን ሻይ ስንጠጣ ሁልጊዜ የሚነሳ ሐሳብ አለ። «እዚህ የፈረስ ውድድር ቢጀመር እኮ እንግዳ ይመጣል፣ ወጣቱ ሥራ ያገኛል» ይባላል። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ስለምወደውም ነው ሌላው ዓለም የት ላይ እንደተደናቀፈ አስቀድመን እንወቅ የምለው።

እንግዲህ ከገንዘቡ እንጀምር።

አንድ የውድድር ፈረስ በሳምንት ስንት ቀን የሚሮጥ ይመስላችኋል? ብዙዎቹ በወር አንዴ ወይም ሁለቴ ነው። የሚሮጠውም ሁለት ደቂቃ ያህል ነው። የቀረውን ጊዜ ሁሉ ይበላል፣ ይሠለጥናል፣ ይታጠባል፣ ይታከማል። ይህ ሁሉ ወጪ ነው። ወጪውን የሚሸፍነው በአብዛኛው አገር የተመልካች መግቢያ አይደለም። የውርርድ ገንዘብ ነው።

ውርርዱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የጋራ ሣጥን ነው ልንለው እንችላለን። በ1867 ፓሪስ ውስጥ ጆሴፍ ኦለር የሚባል ነጋዴ የፈጠረው ነው። በብር እንየው። አሥር ሰዎች እያንዳንዳቸው 100 ብር አስያዙ እንበል። ሣጥኑ ውስጥ 1,000 ብር ገባ። አዘጋጁ ከላዩ ላይ ድርሻውን ያነሳል። ለምሳሌ 200 ብር። የቀረው 800 ብር ያሸነፈውን ፈረስ ለመረጡት ይከፋፈላል። የመረጡት ሁለት ሰዎች ከሆኑ አራት አራት መቶ ይደርሳቸዋል። ስምንት ከሆኑ መቶ መቶ ብር፣ ማለትም ያስያዙትን ራሱን ይዘው ይሄዳሉ። አዘጋጁ ማን አሸነፈ ማን ተሸነፈ አያሳስበውም። እሱ 200 ብሩን አስቀድሞ ይዟል።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያች 200 ብር ላይ ነው። ከእሷ ላይ መንግሥት ግብሩን ይወስዳል። ከእሷ ላይ ሜዳው ይጠገናል። ከእሷ ላይ ሽልማት ይከፈላል። ሽልማቱን ያገኘው የፈረስ ባለቤት ለአሰልጣኙ ይከፍላል። አሰልጣኙ ለባልደራሱ ይከፍላል። ባልደራሱ ገብሱን ለፈረሱ ያቀርባል። ከቁማርተኛው ኪስ ተነስታ ፈረሱ አፍ ድረስ የምትሄድ አንዲት ክር ናት። ይህችን ክር አስታውሱልኝ።

ሁለተኛው ዓይነት እኛ የምናውቀው ነው። አወራራጁ ድርጅት ኦድ፣ ማለትም ብትበላ ስንት እጥፍ እንደሚከፍልህ፣ ያወጣል፤ አንተ ትኬት ትቆርጣለህ። ከበላህ ከእሱ ኪስ ነው፣ ከተበላህ ወደ እሱ ኪስ ነው። እዚህ ላይ ክሩ ተበጠሰ። አወራራጁ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ፈረሱ በሚሮጥበት ሜዳ ላይ ያተርፋል፤ ለሜዳው ግን ምንም አይከፍልም። እንግሊዞች ይህን ቀድመው አይተውታል። በ1961 ከሜዳው ውጭ የውርርድ ሱቅ ሲፈቅዱ፣ በዚያው ዓመት አወራራጆች ለፈረሱ መዋጮ እንዲያወጡ የሚያደርግ ቦርድ በሕግ አቋቋሙ። ዛሬ ትልልቆቹ አወራራጆች ከእንግሊዝ ፈረስ ውርርድ ከሚያገኙት ትርፍ 10 በመቶ ይከፍላሉ። በመካከል ግን ብዙ ድርጅቶች ወደ ኢንተርኔት ገብተው መሥሪያ ቤታቸውን ባሕር ማዶ አደረጉ። መዋጮው ቀጨጨ። ያን ቀዳዳ ሕግ የደፈነው በ2017 ነው።

የፈረስ ውድድር ድሮ ያን ያህል ሀብታም የሆነው ፈረሱ ስለተለየ ብቻ አልነበረም። በብዙ አገር ሰው በሕግ ተፈቅዶለት ገንዘብ አስይዞ የሚጫወትበት ብቸኛው ቦታ የፈረስ ሜዳ ነበር። ሌላ አማራጭ አልነበረውም። ከዚያ ሎተሪ መጣ። ካዚኖ መጣ። ከዚያ ስልክ መጣ። ዛሬ አንድ ወጣት አልጋው ላይ ተኝቶ በኳስ ይወራረዳል። ለፈረስ ግን መማር ያስፈልጋል፤ የፈረሱን ዘር፣ የሜዳውን ርጥበት፣ የጋላቢውን ክብደት ማወቅ አለብህ። በሁለት ውድድር መካከልም ግማሽ ሰዓት ያህል ትጠብቃለህ። የቁማር ማሽን ግን አያስጠብቅም። ፒያሳ ያየሁት ቨርቹዋል ፈረስ የዚህ ሁሉ መጨረሻ ነው። የፈረሱን መልክ ወስዶ ፈረሱን ትቶታል። ክሩ ጭራሽ የለም፤ ገብስ የሚበላ የለማ።

እና አስተዳዳሪዎቹ ምን አደረጉ? ብዙ ቦታ የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሜሪካን እንውሰድ። የፈረስ ሜዳዎቹ ገቢ ሲቀንስ መንግሥታትን ለምነው የቁማር ማሽን አጠገባቸው አስገቡ። ከማሽኑ ትርፍ ላይ ለሽልማት እንዲቆረጥ አደረጉ። ለጊዜው ሽልማቱ አበጠ። ቀስ እያለ ግን ማሽኑ የቤቱ ጌታ ሆነ፤ ፈረሱ ጥገኛ ሆነ። የሜዳው ባለቤት ኩባንያ መቁጠር ጀመረ። ማሽኑ ያተርፋል፣ ፈረሱ ያስወጣል። ታዲያ ፈረሱ ለምን ይቀመጣል? ቺካጎ አጠገብ አርሊንግተን የሚባል ውብ ሜዳ ነበር። ባለቤቱ የኬንተኪ ደርቢን የሚያዘጋጀው ኩባንያ ራሱ ነው። ኬንተኪ ደርቢ ከ1875 ጀምሮ የሚካሄድ የአሜሪካ ትልቁ የፈረስ በዓል ነው። ይኸው ኩባንያ እዚያው አርሊንግተን አቅራቢያ በሌላ ካዚኖ ውስጥ ትልቅ ድርሻ ገዛ። አርሊንግተን ላይ የመጨረሻው ፈረስ የሮጠው በ2021 ነው። መሬቱ 197 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለእግር ኳስ ቡድን ተሸጠ፤ የአሜሪካኖቹ ኳስ ማለቴ ነው። ፈረስን የሚወድ ሰው በዚህ ይቃጠላል። ኩባንያው ግን ሕግ አልጣሰም። የባለአክሲዮኖቹን ትርፍ ነው ያሰላው። ሜዳውን እንዲህ ላለ ስሌት ክፍት አድርጎ የተወው ሥርዓቱ ነው።

መሬት ሌላው ጉድ ነው። የፈረስ ሜዳዎች ሲሠሩ ከከተማ ውጭ ነበሩ። ከተማው አድጎ ዋጣቸው። የእኛው ጃን ሜዳም ያው ነው። በንጉሡ ዘመን ፈረስ የሚወዳደርበት ሜዳ ነበር። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ ደግሞ አትክልት ተራ ተዛውሮበት ነበር። ጃን ሜዳ ጥምቀት ስላለው ነፃ ወጣ። በዓል የሌለው ሜዳ ማን ይከራከርለታል?

ሌላው ችግር አለቃ ማን እንደሆነ አለመታወቁ ነው። ኳስ ፌዴሬሽን አለው። የፈረስ ውድድር ግን ባለቤቱ ብዙ ነው። ሜዳው የአንዱ ነው፤ ፈረሱ የሌላው። አወራራጁ ሌላ፣ ግብር ሰብሳቢው ሌላ። ጋላቢውም የራሱ ማኅበር አለው። እያንዳንዱ ገመዱን ወደ ራሱ ይስባል። አሜሪካ ውስጥ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የራሱ የመድኃኒት ደንብ ነበረው። አንዱ ጋ የተከለከለ መድኃኒት ሌላው ጋ ይፈቀድ ነበር። ፈረሱ ድንበር ሲሻገር ደንቡም ይቀየርለታል።

ይህ ቸልተኝነት ዋጋ አስከፍሏል። ካሊፎርኒያ ሳንታ አኒታ ሜዳ ላይ ከ2018 መጨረሻ እስከ 2019 አጋማሽ ባለው አንድ የውድድር ወቅት 30 ፈረሶች ሞቱ። አገር ተንጫጫ። በ2021 የኬንተኪ ደርቢን ቀድሞ የገባው ሜዲና ስፒሪት የሚባል ፈረስ በውድድር ቀን ሊኖር የማይገባ መድኃኒት ደሙ ውስጥ ተገኘ። ድሉ ተሰረዘ። ፈረሱ ግን ውሳኔውን ሳያይ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ልምምድ ሲጨርስ ወድቆ ሞቷል። አንድ ብሔራዊ ደንብ ሥራ ላይ የዋለው ከዚህ ሁሉ ጫጫታ በኋላ ነው። ሕጉ በ2020 መጨረሻ ጸደቀ፤ ባለሥልጣኑ ሥራ የጀመረው በ2022 ነው። በ2023 ኬንተኪ ደርቢ በሚካሄድበት በዚያው ሜዳ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 12 ፈረሶች ሲሞቱ ግን ውድድሩ ወደ ሌላ ሜዳ እንዲዛወር ተደረገ። ቢያንስ አሁን «ቁም» የሚል አካል አለ።

«እግሩ ቢሰበር ለምን አይታከምም? ለምን ይገደላል?» ብሎ የሚጠይቅ አለ። ልጁም ጠይቆኛል። ፈረስ ያደገበት ባላገር መልሱን ያውቀዋል፤ ለከተሜው ልንገረው። የውድድር ፈረስ ከ450 እስከ 500 ኪሎ ይመዝናል። ሽምጥ ሲጋልብ ያ ሁሉ ክብደት ለቅጽበት አንድ ቀጭን እግር ላይ ያርፋል። ከጉልበት በታች ያለው እግሩ ሥጋ የለውም፤ አጥንት፣ ጅማትና ቆዳ ብቻ ነው። ስለዚህ ስብራቱ ብዙ ጊዜ ድቅቅ ያለ ነው። ደም ስሩ ይበጠሳል። ቢታሰርለት እንኳ ፈረስ እንደ ሰው ለሳምንታት ተኝቶ ማገገም አይችልም። ለረጅም ጊዜ ከተኛ ሳንባውና ጡንቻው ይጎዳል። ከቆመ ደግሞ ክብደቱ በጤነኛው እግር ላይ ይወድቅና ያኛው ሰኮና ከውስጥ ይታመማል። አንዱን ስታድን ሌላውን ታጣለህ። ከባድ ሕክምና ወጪው ብዙ ስለሆነም የሚተውበት ጊዜ አለ፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ግን ዋናው ጥያቄ ከስብራቱ በኋላ ያለው አይደለም። ከስብራቱ በፊት ነው። ሜዳውን ማን መረመረ? ያመመውን እግር ማን አየ? ሕመሙን በመድኃኒት ሸፍኖ ማን አስሮጠ?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ ፈረሶች ቶሎ ነው ሥራ የሚጀምሩት። በሰሜኑ የዓለም ክፍል የተወለደ የውድድር ፈረስ ሁሉ ልደቱ ጃንዋሪ 1 ነው ተብሎ ይቆጠራል። በሜይ ቢወለድም ያው። ብዙዎቹ በሁለት ዓመታቸው ይሮጣሉ፤ አጥንታቸው ገና ሳይጠና። አምስት ስድስት ዓመት ሲሞላቸው የብዙዎቹ ሥራ ያበቃል። ፈረስ ደግሞ 25 ዓመት ሊኖር ይችላል። የቀረውን 20 ዓመት ማን ያበላዋል?

የሚወለዱት ቁጥርም እየቀነሰ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1986 ከ51,000 በላይ የውድድር ውርንጭላዎች ተወልደው ተመዝግበዋል። ዛሬ በዓመት ከ20,000 በታች ናቸው። አርቢው ተስፋ ሲቆርጥ ከሁሉ በፊት የሚታየው እዚህ ነው። ባዝራዋን አያስጠቃትም።

አፍሪካም ውስጥ ታሪኩ ይመሳሰላል። ሞሪሸስ ከ1812 ጀምሮ ሻን ደ ማርስ የሚባል ሜዳ አላት፤ ከምድር ወገብ በታች ካሉት ሁሉ ጥንታዊው ነው። ሁለት መቶ ዓመት ውድድሩን ያዘጋጀው አንድ ክለብ ነበር። በ2022 ሁለተኛ አዘጋጅ በዚያው ሜዳ ገባ። ሽኩቻ ሆነ፤ በመጨረሻም አንጋፋው ክለብ ወጣ። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ ትልቁ የውድድር ኩባንያ በ2020 በኮሮና ወቅት ዕዳውን መክፈል አቅቶት ወደቀ። ያነሳው ከአገሪቱ ሀብታም ቤተሰቦች የአንዱ ገንዘብ ነው።

እንግሊዝም አልዳነችም። ሴፕቴምበር 10 ቀን 2025 የእንግሊዝ ፈረሶች አልሮጡም። ዝናብ ጥሎ አይደለም። የግምጃ ቤቱ ሹማምንት የፈረስ ውርርድን ግብር ከኢንተርኔት ካዚኖ ግብር ጋር አንድ ለማድረግ አስበው ነበር። ፈረሰኞቹ «ይህ ከሆነ እናልቃለን» ብለው የዕለቱን ውድድሮች ሰርዘው ለንደን ወጡ። በኋላ መንግሥት በሌላው የኢንተርኔት ውርርድ ላይ ግብር ሲጨምር የፈረሱን በነበረበት 15 በመቶ ተወው። ለጊዜው ተረፉ። ግን አንድ ስፖርት ሕልውናው በአንድ የበጀት ንግግር ላይ ከተንጠለጠለ መሠረቱ ጠንካራ አይደለም።

ሁሉም ቦታ ወድቋል ማለቴ ግን አይደለም። ሆንግ ኮንግ ጥሩ ቆሟል። እዚያ በ1884 የተመሠረተ አንድ ክለብ አለ። ሜዳውም የእሱ፣ ውርርዱም የእሱ፣ ደንቡም የእሱ ነው። ባለአክሲዮን የለውም። ግብሩን ከፍሎ፣ ፈረሱን አብልቶ የተረፈውን ለትምህርት ቤትና ለሆስፒታል ይሰጣል። ክሩ ከኪስ እስከ ገብስ አልተበጠሰም። ነገር ግን ይህ የሚሆነው ሕጉ ሌላ አወራራጅ ስለማይፈቅድ ነው። እኛ አገር ብሔራዊ ሎተሪ ለብዙ ድርጅቶች የውርርድ ፈቃድ ከሰጠ ቆይቷል። ያ በር ተከፍቷል። የሆንግ ኮንግን መንገድ ልንቀዳው አንችልም።

ሦስተኛ መንገድ አለ። ለወሎ የሚቀርበው እሱ ይመስለኛል። ዱባይ ከ1996 ጀምሮ ትልቅ የፈረስ ውድድር ታዘጋጃለች። ሳዑዲ በ2020 የጀመረችው ውድድር 20 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት አለው። ሜዳው ላይ ግን ውርርድ የለም። ቁማር ሐራም ነው። ሽልማት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከቀስት፣ ከግመልና ከፈረስ በቀር በውድድር ሽልማት የለም የሚል ሐዲስ አለ። ማለትም ፈረስን አሽቀዳድሞ መሸለም የተፈቀደ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ማዕድ ላይ የሚቀመጥባቸው ከተሞች ናቸው። መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ቁማርን ይቃወማል። በውርርድ የሚቆም ውድድር እዚህ ቢተከል ግማሹን ሰው ከሜዳው ያርቃል። ልጆቻችን ባለው ቤቲንግም በቂ ተበልተዋል። ስለዚህ ውርርድ የሌለበት ውድድር ለእኛ ሕልም አይደለም፤ ያለ ነገር ነው።

የዚህ መንገድ ድካሙ ሌላ ነው። ሁሉም ነገር በባለጸጋው ላይ ይንጠለጠላል። የዱባዩ ሼህ ሐምዳን ቢን ራሺድ አል መክቱም በዓለም ከታወቁት የፈረስ ባለቤቶች አንዱ ነበሩ። በማርች 2021 ሲሞቱ ወራሾቻቸው የፈረሱን ቁጥር በብዙ ቀነሱት። በየአገሩ የነበሩ አሰልጣኞች በአንድ ጊዜ ጋጣቸው ባዶ ሆነ። ባለሀብት ይወዳል፣ ይደክመዋል፣ ይሞታል። ፈረሱ ግን ነገም ይርበዋል።

አራተኛው መንገድ ከቤታችን ነው። አገው ምድር የፈረሰኞች ማኅበር አለ። በ1932 ዓ.ም. ነው የተመሠረተው። በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን ሲያከብር የሚታየው ፈረስ ዓይን አይጠግበውም። ፈረሱ ያጌጣል፣ ይጋልባል፣ ጉግስ ይጫወታል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን በማግሥቱ የሚሆነው ነው። ፈረሱ ጥር 24 ወደ ሥራው ይመለሳል። ባለቤቱ ገበያ ይሄድበታል፣ ለቅሶ ይደርስበታል፣ ያርስበታል። በዓሉ ባይኖርም ፈረሱ ይበላል። ሽልማት አይደለም የሚያበላው። ከሲንጋፖርና ከአርሊንግተን ፈረሶች የሚለየውም በዚህ ነው፤ ሜዳው ቢዘጋ አይራብም።

ከውጭ ፈረስ እናምጣ የሚሉም አሉ። ረጃጅሞቹን፣ ፈጣኖቹን። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባል አለ። በዓይን በጭንቅ የምትታይ ትንኝ ናት የምታስተላልፈው። ለዚህ በሽታ እንግዳ የሆነ ፈረስ ከያዘው ብዙ ጊዜ አይተርፍም። በ2020 ታይላንድ ገብቶ ከ500 በላይ ፈረሶች ገድሏል። በሽታው ኢትዮጵያ ውስጥ አለ። እንደ ኮምቦልቻ ሞቅ ያለና ቦርከናን የመሰለ ወንዝ ያለው ቦታ ደግሞ ለትንኝ ይመቻል። ክትባቱ ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል፤ የአብዛኛው ገበሬ ፈረስ ግን አይከተብም። በሽታው ያለበት አገር ፈረስም እንደልቡ ወደ ውጭ ወጥቶ መወዳደር አይፈቀድለትም። ስለዚህ «ነገ ዱባይ እንወዳደራለን» ማለት ባዶ ተስፋ ነው። የእኛን ፈረስ በእኛ ሜዳ ማየት ይበቃናል።

ኢትዮጵያ ወደ 2 ሚሊዮን የሚሆኑ ፈረሶች አሏት። ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው ይባል የለ? ሁለቱም አሉን። የጎደለን መሀል ያለው ነው። እሱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ልጅ ሆኜ ኮምቦልቻ አክስቴ ጋ ስንሄድ ሐረጎን ወርደን ከአውቶቡስ ስንወርድ የምንሳፈረው ጋሪ ነበር። ደሴ ዳገት ናት፤ ኮምቦልቻ ሜዳ ስለሆነች ለጋሪ ትመቻለች። የሰኮናው ድምፅ አስፋልቱ ላይ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከዚያ ባጃጅ መጣ። ማንም ባለጋሪዎቹን አልሰበሰበም። ፈረሶቹ ምን ይሁኑ ብሎ የጠየቀም የለም። ያረጀው፣ ጀርባው የቆሰለው፣ ያነከሰው ፈረስ ልጓሙ ተፈትቶ መንገድ ዳር ተለቀቀ። ማታ መኪና ይገጨዋል። ቀን ቆሻሻ ላይ ላስቲክ ያላምጣል። አንዱን ዳማ ፈረስ ድልድይ አጠገብ ለሦስት ቀን ቆሞ አይቼዋለሁ። በአራተኛው ቀን አልነበረም። ለአንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነግሬ ነበር፤ «የእኛ ሥራ አይደለም» ተባልኩ። ዋሹ አልልም። የማንም ሥራ አልነበረም።

እንግዲህ የውድድር ነገር ሲነሳ እኔ የምፈራው ይህን ነው። ሜዳ ተደልድሎ፣ ባነር ተሰቅሎ፣ እንግዳ ተጋብዞ፣ ሁለት ዓመት ተደስተን፣ ከዚያ በጀት ሲያልቅ ሃምሳ ፈረስ ድልድይ አጠገብ ይቆማል። ስለዚህ ጀማሪዎቹን የምጠይቃቸው ስለ ሽልማቱ አይደለም። ፈረሶቹ በዓመቱ ሌላ ቀን ሥራቸው ምንድን ነው? በውድድሩ ቀን «ይህ ፈረስ ያነክሳል፣ አይሮጥም» የሚል፣ ከአዘጋጁም ከባለቤቱም ደመወዝ የማይቀበል ሐኪም ማን ነው? ሜዳው በማን ስም ነው፤ ነገ ኮንዶሚኒየም ቢፈለግበት የሚከለክል ወረቀት አለ? ለሽልማት ከሚሰበሰበው ብር ላይ ላረጀ ፈረስ የሚቀመጥ ድርሻ ስንት ነው? ይህ የመጨረሻው ከመጀመሪያው ቀን ካልተቆረጠ በኋላ አይገኝም። ሌላው ዓለም ለዚህ ማሰብ የጀመረው ዘግይቶ፣ ሰው ከጮኸበት በኋላ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ልጁን ይዤው ኮምቦልቻ ወረድኩ። አሁንም ጋሪ የያዘ አንድ ሽማግሌ አውቃለሁ። ገለባና ጡብ ነው የሚጭኑት። «አያ፣ ይሄ ልጅ ስለ ፈረስ ወጪ ማወቅ ይፈልጋል» አልኳቸው። ሳቁና አቆሙ። ልጁ ስልኩን አውጥቶ መጻፍ ጀመረ። ገለባ፣ ገብስ፣ ፉርሽካ። የብረት ጫማ፣ የትል መድኃኒት፣ ክትባት። የኮርቻ መደላድል። እሳቸው ሲናገሩ እጃቸው ፈረሱ አንገት ላይ ነበር። ዝርዝሩን ሲጨርስ መልሶ አነበበላቸው።

«አንድ ቀረህ» አሉት። «የማይሠራበትን ቀን የሚበላውን ጻፍ።»